ካፒቴኑ ጀልባ ላይ ሊወጣ ነው

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ደምሴ ፓስታውን ሳይጨርስ ተነሳ። ይኼ ሰው ሹካውን ጥሎ ሲነሳ አይቼ አላውቅም፤ መብራት ሲጠፋ እንኳን በጨለማ ይጨርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ሰላም የምትሠራው አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ነው። እራት ላይ ሁለት ቲኬት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዛንዚባር! ለሠላሳ አምስተኛ ዓመት ጋብቻችን ስጦታ። አርብ ሄደን ማክሰኞ እንመለሳለን። እሑድ አመሻሽ ላይ ደግሞ በባለ ሸራ ጀልባ ባሕር ላይ ወጥተን፣ ኮክቴል እየጠጣን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እናያለን። "ይቺን የጨመርኩት ለአባዬ ብዬ ነው፤ ባሕር ካየ ስንት ዘመኑ!" አለች።

እኔ ጮህኩ። ዘልዬ አቀፍኳት። ስድሳ ሞልቶኝ ባሕር አይቼ አላውቅም! ጡረታ እስክወጣ "የምድር ሦስት አራተኛው ውኃ ነው" እያልኩ ስንቱን ልጅ አስተማርኩ፤ እኔ ያየሁት ግን ያቺን የቀረችውን ሩብ ብቻ ነው፣ እሷንም በቅጡ አላዳረስኳት።

ደምሴን እዚህ ቁስቋም በስሙ የሚጠራው የለም። ካፒቴን ነው። ወጣት ሳለ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ነበር፤ ልብስ ሰፊ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ነጭ ዩኒፎርም ለብሶ የተነሳው ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እኔንም ያገባኝ በማዕበል ነው። ያን ማዕበል እንዴት እንዳመለጠ ሲያወራልኝ ልቤ ቀረ። ያኔ ማዕበሉ ቤት ያክል ነበር፤ አሁን አራት ፎቅ ደርሷል።

ታዲያ ይኼ ሰው ለምን ፓስታውን ጥሎ ተነሳ?

ረቡዕ፣ ጥር 20

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወጥቷል። ዳቦ ልገዛ ብወጣ ባለሱቁ "እትዬ አስካለ፣ ባሕር ሊሻገሩ ነው አሉ" አለኝ። ደምሴ ከሰዓት ከሰዓት የሚቀመጥበት ጎሚስታም ደርሷል። ባለቤቱ ተካ የሚነፋውን ጎማ ትቶ መጣ። "ካፒቴን ወደ ባሕራቸው ሊመለሱ! እትዬ፣ አደራ ፎቶ፤ መሪውን ይዘው፣ እንደ ድሯቸው!" ለሸጎሌ የሚጭኑት ወያላዎች ሳይቀሩ ሰላምታ ሰጡን።

ደምሴ ግን ፊቱ አመድ ነው። የዛሬዎቹ ሰበቦች፦ ጉልበቱ። የሰው ልብስ ሳይሰፋ አድሯል። ሙቀት አይስማማውም። የመጨረሻዋ አሳቀችኝ። "ሰኞ ጾመ ነነዌ ይገባል። ነቢዩን ዓሣ አንበሪ ዋጠው ተብሎ በሚነበብበት ጾም ዋዜማ መርከብ ይወጣል?"

"እሱ የተዋጠው ሲሸሽ ነው። አንተ ከምን ትሸሻለህ?" አልኩት። ጉልበቱን ማሸት ጀመረ።

ሻንጣ፦ በሶ። ዳቦ ቆሎ። ነጠላ፣ ሁለት። የደም ግፊት መድኃኒቴ። ጋቢ (ሰላም አወጣችው፣ መለስኩት፣ እንደገና አወጣችው)። የዋና ልብስም ገዝታልኛለች። በሩን ዘግቼ ደረቴ ላይ አስጠግቼ በመስታወት አየሁት፤ ከዚያ ከሻንጣው ሥር ቀበርኩት።

እንቅልፍ ይወስደኛል ብላችሁ ነው?

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም። ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ደስታዬ ግን አሙቆኛል። ስጸልይ እንኳን ሐሳቤ ባሕር ላይ ነው። ይቅር በይኝ።

በትልቅ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ቀዳሁ። ለጀልባዋ ነው፤ ከመሳፈራችን በፊት እረጫታለሁ። ደምሴ ጠርሙሱን ሲያይ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተፈታ። "ይኼ ካለማ ጥሩ ነው" አለ። በእጁ መዝኖት ራሱ ሻንጣው አጠገብ አቆመው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የዛሬ ስንት ዓመት ከማኅበራችን ጋር የጣና ገዳማትን ልንሳለም ሄደን፣ ሁላችንም ጀልባ ስንሳፈር እሱ ዳር ላይ ቀረ። "ባሕር ለለመደ ሰው ሐይቅ ገንዳ ነው" አለና ሻንጣችንን ሲጠብቅ ዋለ። ያኔ ኮራሁበት! ዛሬ ጸበሉን እንዲያ ሲያቅፈው ሳይ፣ እ... እንጃ።

አርብ፣ ጥር 22

ጸበሉ ተያዘ!

አየር ማረፊያ፣ መፈተሻው ጋ። የቆመችው ልጅ ደርባባ ናት፣ ምንም አይወጣላትም። "እማማ፣ ፈሳሽ አይገባም።" ጸበል ነው ብላት "ማርያምን፣ እኔም እወዳታለሁ፤ ግን ሕጉ አይፈቅድም። እዚሁ ይጠጡት" አለች። እኔ ጥፋተኛዋ! ሰላም ፈሳሽ ሻንጣ ውስጥ አድርጉ ብላ ነበር፤ ጸበል ደግሞ ከጫማ ጋር አይጫንም ብዬ በእጄ ያዝኩት።

ምን ላድርግ? ልደፋው? ጾም ስለሆነ እህል አልቀመስኩም። እዚያው ቆሜ ጠጣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ደምሴን ረጨሁት። ከኋላችን የነበሩ እናት እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰጠኋቸው፤ ዱባይ የምትሄድ ልጅም ጠየቀችኝ። የተረፈውን ጨለጥኩት። አውሮፕላን ውስጥ ሦስት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ሄድኩ።

ደምሴ ባዶውን ጠርሙስ ቅርጫት ውስጥ ሲጥሉት ዘመድ የሚቀብር ይመስል ነበር። በረራው ላይ መጋረጃዋን ዘጋና "እሑድ እንዴት እንሆናለን?" አለ። እኔ ሌላኛው መስኮት ላይ አፈጠጥኩ።

አየሁት! መጀመሪያ ሰማይ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ትንሽ ነጭ ነገር ላዩ ላይ ስትሄድ አየሁ፤ ጀልባ። ሰማዩ ታች ነው እንዴ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠውን የማላውቀውን ሰውዬ ክንዱን ያዝኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ባሕሩ ሞቃት ነው! ይኼን ማንም አልነገረኝም። እንደ ጉለሌ ውኃ አጥንት የሚሰብር መስሎኝ ነበር። እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ከዚያ እስከ ወገቤ። የዋና ልብሱንም ለበስኩ (ከላይ ቀሚስ አለ፣ ቢሆንም ለብሻለሁ)። ጣቴን ላስኩት፤ እውነትም ጨው ነው።

ደምሴ ጫማውን እንዳደረገ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። አንድ እርምጃ አልቀረበም። ከምሳ በኋላ ውኃ እያንጠባጠብኩ አጠገቡ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ባሕሩን ሳይሆን እጁን እያየ ነበር።

"አስኩ፣ እኔ መርከብ ላይ ወጥቼ አላውቅም።"

ቀልድ መሰለኝ። ቀልድ አይደለም። ምጽዋ መኖሩ እውነት ነው፣ ባሕር ኃይልም እውነት ነው። ግን ልብስ ስፌት ክፍል ነበር። የባሕረኞቹን ዩኒፎርም ይሰፋ ነበር። መርከቦቹን በመስኮት ነው የሚያያቸው። ውኃ ከልጅነቱ ጀምሮ ይፈራል፤ አንድ ቀን እንዲሞክር የመርከቡ መወጣጫ ድረስ ወስደውት ሮጦ ተመለሰ። ማዕበሉን የነገሩት ልብስ ሊለኩ የሚመጡት ናቸው።

"ፎቶውስ?"

"የአንድ መኮንን ዩኒፎርም ነው። ሰፍቼ ስጨርስ፣ ሳይወስደው ለብሼ ፎቶ ቤት ሄድኩ።"

"ታዲያ እንዴት እንዲህ ልክህ ሆነ?"

"መጀመሪያ በኔ ልክ ሰፋሁት። በኋላ አስፍቼ ሰጠሁት።"

ሳቄ መጣ፣ ግን አልሳቅኩም። ተናደድኩ። በጣም ተናደድኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ያን ማዕበል አብሬው ስሻገር ኖሬ! ለልጄ፣ ለተማሪዎቼ፣ ለሰፈሩ ሁሉ እኔው አልነበርኩ የማወራው? ደምሴ አንገቱን ደፍቶ፣ "ነገ አሞኝ ቀረሁ በይ። ሰላም ለባለ ጀልባዎቹ ካፒቴን ነው ብላ ጽፋላቸዋለች። እዚያ ላይ ተንቀጥቅጬ ከታየሁ በቃ፣ ጎሚስታው ጋ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?" አለ።

"ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ" አልኩትና ተነሳሁ።

እራት ላይ አላነጋገርኩትም። ከእራት በኋላም። አሁን ይኼን ስጽፍ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። የሠርግ ቀሚሴን የሰፋው ካፒቴኑ አይደለም። ይኼ ፈሪ ሰውዬ ነው፤ ዕንቁዎቹን አንድ በአንድ በእጁ ነው የሰፋቸው።

ብቻዬን መሄድ አልፈልግም።

እሑድ፣ ጥር 24

ከየት ልጀምር?

አስር ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ባሕሩ ወረድን። እሱም ወረደ፤ "እስከ ጠርዙ እሸኝሻለሁ" ብሎ። ያን ጥቁር ሰማያዊ ኮቱን ለብሷል፣ በዚያ ሙቀት! ጀልባዋ እንጨት ናት፤ ሸራዋ ነጭ። አንድ እግራችንን ውኃ ውስጥ ነክረን በመሰላል ልንወጣ ነው። ባለ ጀልባዎቹ ሲያዩን አጨበጨቡ። "ካሪቡ፣ ካፒቴን! ካሪቡ!" እንኳን ደህና መጣህ ማለታቸው ነው።

ደምሴ ደረቀ። ግንባሩ ላይ ላብ። ሌሎቹ ጎብኚዎች ወጥተው አለቁ፤ የቀረነው እኛ ነን።

"ጸበሉ ቢኖር እወጣ ነበር" አለኝ በቀስታ።

"ጸበሉማ አለ።" ሆዴን መታ መታ አደረግኩ። "ማን ጠጣው? እጄን ያዝ።"

"ከአርብ ጀምሮ እስካሁን?"

"ጸበል ቀን አይቆጥርም። ያዝ አልኩህ!"

ያዘኝ። ጣቶቼን ሊሰብራቸው ነበር። አንድ እግር። ሌላ እግር። ወጣ! እኔ ባለቤቱ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ከፈረንጆቹም ሁለቱ ሊደግሙት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም።

መጀመሪያ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ "በስመ አብ" ላይ ቆመ። ጀልባዋ ዘንበል ስትል እኔም ኮቱን ጨበጥኩ። ከዚያ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ሸራውን አየ። አንጋጦ ቆየ። እጁን ዘርግቶ ጠርዙን ዳሰሰ።

"ድርብ ስፌት ነው" አለ። "ክሩ ወፍራም ነው። ጥሩ እጅ ነው የሰፋው።"

ከዚያ በኋላ ትከሻው ወረደ። ያን ሸራ የሰፋውን ሰው አመነው መሰለኝ።

ኮክቴሉ! በረጅም ብርጭቆ፣ ከታች ቀይ፣ ከላይ ብርቱካን፣ ልክ እንደ ስፕሪስ፤ ግን ውስጡ ተንኮል አለበት። አናናስ ጫፉ ላይ ተሰክቷል። እኔ አንድ ጠጣሁ። ደምሴ ሁለት። ፀሐይዋ ወረደች፣ ወረደች፣ ባሕሩን ነካች። እኛ ሰፈር ፀሐይ ከቤት ኋላ ነው የምትሰወረው፣ መጥለቋን የምናውቀው ሲበርደን ነው። እዚህ ግን እስከ መጨረሻዋ ክር ድረስ አየኋት። አለቀስኩ። ማንም አላየኝም፣ እሱ ብቻ።

ያኔ ነው የጀልባዋ ካፒቴን ደምሴን የጠራው። መሪውን ያዝልኝ እያለ ነው። ደምሴ ወደ እኔ ዞረ። ይኼን እኔ ልመልስለት አልችልም።

ተነሳ። እየተንገዳገደ ሄደ። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው፣ "ካፒቴን አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ" አለና በአየር ላይ በሌለ መርፌ ሰፋ።

ሰውዬው ከትከት ብሎ ሳቀ። ትከሻውን መታው፤ ጠጋ አለና መሪውን እጁ ላይ አደረገለት። አንዱ ልጅ ፎቶ አነሳቸው። ደምሴ እንዲህ ሲስቅ፣ ግድግዳችን ላይ ባለው ፎቶ እንኳን እንዲህ አይስቅም።

አሥር ከአሥር። በሕይወቴ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ ጥር 25

ጾሙ ገባ። ሁለታችንም እስከ ከሰዓት ድረስ ባሕሩን እያየን ዋልን፤ ደምሴ ጫማውን አውልቆ። አዎ፣ አውልቆ!

ሰላም ደወለች። ፎቶውን ባለ ጀልባዎቹ ልከውላት፣ እሷ ለተካ ልካለች። ደምሴ ስልኩን ሲዘጋ "ስንመለስ እነግራቸዋለሁ" አለ። "ለማያውቁኝ ነግሬ ለሚያውቁኝ መደበቅ ደስ አላለኝም።"

"ቢስቁብህስ?"

"ይሳቁ።" ግን ድምፁ ቀጠነ። እኔም ፈራሁለት። የሰፈር ሳቅ ቶሎ አያልቅም።

ረቡዕ፣ ጥር 27

ቤት። ብርድ። ጋቢዬ!

ከሰዓት ላይ ጸጉሩን አበጥሮ ወደ ጎሚስታው ወጣ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ተቀመጥኩ። ምስር ለቀምኩ፤ የለቀምኩትን ደግሜ ለቀምኩ። ቆየ። በጣም ቆየ።

ተመለሰና ኮቱን ሳያወልቅ ቁጭ አለ።

"ነገርካቸው?"

"አንድም ሳላስቀር። ስፌት ክፍሉንም፣ ፎቶውንም፣ ሁሉንም።"

"ምን አሉ?"

"አላመኑኝም።"

ተካ ያን የጀልባ ፎቶ አሳትሞ ከጎማዎቹ በላይ ሰቅሎታል አሉ፤ መሪ ይዞ፣ ኮት ለብሶ፣ ከኋላው ባሕር። "ካፒቴን፣ ትሕትና ጥሩ ነው፤ ግን ይኼ ምንድን ነው ታዲያ?" እያለ በጣቱ ያሳያል። ሌሎቹም "ትልቅ ሰው እንዲህ ነው፣ ራሱን ዝቅ ያደርጋል" ብለው ጭራሽ ቆመው አከበሩት። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፤ ምስሩ ተበተነ።

እሱ ግን አልሳቀም። ሌላም ነገር አለ። ማኅበሩ ለዳግም ትንሣኤ ዝዋይ ሐይቅ፣ ደሴቱ ላይ ወዳለው ገዳም ጉዞ አውጥቷል። በጀልባ ነው የሚገባው። ፊት ሆኖ እንዲመራቸው ለምነውታል።

"ምን አልካቸው?"

"እሺ አልኳቸው።"

ተነስቶ ወደ ስፌት መኪናው ሄደ፤ ያደረውን ልብስ ሊሰፋ። ክሩን በመርፌው ሲያስገባ ሳይዞር ጠየቀኝ።

"አስኩ፣ ጸበሉን አንቺ ትጠጪዋለሽ አይደል?"