ሠላሳ ቀን ያልሞላው ዓሣ

ጥር 6

ዛሬ ካርቶኖቹ ዓሣ መሸጫ ሱቃችን ገቡ። ስድስት ካርቶን። ላስቲኮቹን አንድ በአንድ ፈታሁ… ሃያ አራት ዓሣ፤ ሦስቱ ሞተው ነው የደረሱት። የባሕር ዓሣ መንገድ አይወድም። ሙቀቱ እስኪስተካከል ላስቲኩን ከነዓሣው አንሳፍፌ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ቀስ እያልኩ ውሃ ቀላቀልኩላቸው። ወገቤ ተቆረጠ።

ሁሉም የኋላ ክፍል ገቡ። የእኔ ክፍል። አሸዋ የለ፣ ድንጋይ የለ። ባዶ መስታወት፣ ማጣሪያ፣ መደበቂያ የሚሆናቸው ቁራጭ ቧንቧ። በሩ ላይ በእጄ ጽፌ የለጠፍኩት አሁንም አለ፦ «ሠላሳ ቀን ሳይሞላው ማንም ከዚህ አይወጣም።» አለቃዬ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይስቃል። «እስር ቤት አስመሰልሽው እኮ!»

ይሳቅ። አዲስ ዓሣ ጤነኛ መስሎ ነው የሚመጣው።

ጥር 13

ሦስተኛው ገንዳ ውስጥ አንዷ ሞተች። ትናንት ደህና ነበረች። በባትሪ አብርቼ ሳያት ክንፏ ላይ ወርቃማ ብናኝ ያለ መሰለኝ… ተላላፊው በሽታ ይሆን? እርግጠኛ አይደለሁም። አብሯት የነበረው ትንሹ ሰማያዊ ግን ይበላል፣ ይዋኛል፣ ምንም አይመስልም። አንዴ ብቻ ጎኑን ቧንቧው ላይ ሲያሽ አየሁት። አንዴ። አሳክኮት ነው? ወይስ ዝም ብሎ ሲዞር?

የመዳብ መድኃኒት ልጨምርላቸው ብዬ መደርደሪያውን ከፈትኩ። አልቋል። አለቃዬን ጠየቅሁት። «ይመጣል፣ ይመጣል።»

ጥር 17

እማማ መጡ። ልብስ ሰፊዋ፣ የድሮ ደንበኛችን። እንደ ሁልጊዜው ደረታቸው ላይ ሁለት ሦስት መርፌ ሰክተዋል። ባለቤታቸውን ጋሼ እላቸዋለሁ፤ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ግማሽ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። አልጋቸው ከዓሣ ገንዳው ፊት ለፊት ነው። ሰባት ዓሦች አሉ፤ ጠዋት ጠዋት ይቆጥሯቸዋል። ከአፋቸው ጠርቶ የሚወጣ ነገር ቢኖር ቁጥር ብቻ ነው።

«ስምንተኛ ልጨምርለት ብዬ ነው። ሰባት ላይ መቆም ሰልችቶታል መሰለኝ» ብለው ሳቁ።

አለቃዬ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ክፍል። ትንሹን ሰማያዊ በመረብ ቀዳው።

«ገና አሥራ አንድ ቀኑ ነው» አልኩት በሹክሹክታ። «ጓደኛው ሞታለች።»

«እሱ ሞተ? ሲበላ አላየሽም? ለመሆኑ ሐኪም ያደረገሽ ማነው?»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። ወደ እሱ አይደለም፣ ወደ እኔ። «ልጄ፣ ጤነኛ ነው አይደል? አንቺ ካልሽኝ እወስደዋለሁ።»

አለቃዬ ከኋላቸው ቆሞ ያየኛል።

«በደንብ ይበላል» አልኩ።

ውሸት አይደለም። ይበላል። ታዲያ ላስቲኩን ሁለቴ ፈትቼ ያሰርኩት ለምንድን ነው?

ጥር 18

ልደውልላቸው? «ለብቻው አስቀምጡት» ልበላቸው? አንድ ባልዲ ይበቃ ነበር… ነገ።

ጥር 19

አልደወልኩም።

ጥር 24

እሳቸው ደወሉ። «ልጄ፣ ዓሦቹ ሁሉ ፓምፑ ፊት ተኮልኩለዋል። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ምግብ እምቢ አሉ። ምን ሆነው ነው?»

ስልኩን ሳልዘጋ አወቅሁት። ወዲያው ሄድኩላቸው።

አራተኛ ፎቅ ነው ቤታቸው። አንዲት ሰፊ ክፍል። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ አልጋው ግድግዳው ጋ፣ ከአልጋው ትይዩ ገንዳው። እንዴት ያለ ገንዳ! ድንጋዩ በሙሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚኖሩበት፣ አሥራ አንድ ዓመት የተለፋበት። ጋሼ ሲያመላልሱት የኖሩት የባሕር ጨው ነው ያቆመው። መብራቱን አጥፍቼ በባትሪ ከጎን አየሁ። ቢጫው፣ ትልቁ፣ ከእማማ እጅ የሚበላው… ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ወርቃማ ዱቄት። መተንፈሻ ስንጥቡ የሚመታበትን ፍጥነት ልቆጥር ብዬ አቃተኝ።

ሰማያዊው? ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ይበላል። ምንም አልሆነም።

«ስምንት» አሉ ጋሼ ከአልጋቸው። ፈገግ ብለው።

ጥር 26

መዳቡ ሱቅ ገብቷል። አሁን! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

መዳብ በሽታውን ይገድላል፤ ግን ቀንድ አውጣውንም፣ ሸርጣኑንም ይገድላል፣ ድንጋዩም ይጠጣዋል። ስለዚህ ዓሦቹን ሌላ ገንዳ ውስጥ ማከም ነው። ትልቁ ገንዳ ሰባ ስድስት ቀን ያለ ዓሣ ይቆያል። የሚጣበቅበት ሲያጣ በሽታው በረሃብ ይሞታል። ለእማማ እንዲህ አስረዳኋቸው። ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ። «ሁለት ወር ተኩል? እሱ ምን ሲያይ ይውላል?»



ከሱቅ ያመጣኋትን ትንሽ ገንዳ የስፌት ጠረጴዛው ላይ አቆምኩ። ቦታ የተገኘው እዚያ ብቻ ነው። ጋሼ ወደዚያ መዞር አይችሉም። ሳወጣቸው ሁለቱ እመረቡ ላይ ሞቱ። ስድስት ቀሩ።

ጥር 27

ቢጫው ሞተ። ጠዋት ስደርስ ቧንቧው ሥር በጎኑ ተኝቶ ነበር። ጠዋት ነው የሞተው፤ ገና ቀለሙ አልጠፋም።

እማማ ከልብስ ቁራጭ መሀል ነጭ ሐር መርጠው ጠቀለሉት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ሰባት አልበቃኝ ብሎ! ምን አስጎመጀኝ? ተመስገን ብዬ ብቀመጥ ምን ነበረበት?»

እኔ የመዳቡን መጠን ለመለካት ጠብታ እቆጥራለሁ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ውሃ ቀለሙን እስኪለውጥ እጠብቃለሁ። ቀና ማለት አልቻልኩም።

ከሰዓት ሌላ ሞተች። አራት።

ጥር 28

እህቴ አኮረፈችኝ። «ሦስት ቀን ሙሉ እህል ሳትቀምሺ! ለዓሣ? ዓሣ እኮ ጠብሰው የሚበሉት ነገር ነው።» አሳቀችኝ። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ደነገጠች። ነገርኳት።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ሴትዮዋ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እና እዚህ ለእኔ ታለቅሺያለሽ?»

ጥር 29

ነገርኳቸው።

የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጠው የሱሪ ጫፍ እየዘመዘሙ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው፤ የሞተችውን፣ መዳቡ ማለቁን፣ አሥራ አንድ ቀኑን። መኪናው አልቆመም። ስፌቱ እስኪያልቅ ሄዱ፣ ክሩን በጠሱ፣ ሱሪውን አጠፉት። ከዚያ ነው ያዩኝ።

«ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«እጠረጥር ነበር።»

«ታውቂ ነበር ወይ ነው የምልሽ።»

«አዎ። አውቅ ነበር።»

«እኔ እኮ እሱን አልጠየቅሁም። ነጋዴ ነው። አንቺን ነው የጠየቅሁት።»

ጋሼ ከአልጋቸው ያዩናል። ሰምተዋል? መስማት ይችላሉ እኮ… ሁሉንም ይሰማሉ።

«ውጪልኝ» አሉ እማማ። ዕቃዬን ሰበሰብኩ። በሩ ጋ ስደርስ፦ «ነገ በሰዓትሽ ነይ። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። መለኪያውን ስለማላውቅ ነው።»

የካቲት 3

ጠዋት ሱቁ ውስጥ አንድ ሰውዬ ልጁን ይዞ መጣ። አለቃዬ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ክፍል ሊገባ ሲል፣ «እነዚያ ገና ሕክምና ላይ ናቸው፤ ቤትዎ ያሉትን ይጨርሱብዎታል» አልኩት ሰውዬውን፣ ጮክ ብዬ። ልጁን ይዞ ወጣ።

አለቃዬ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ዕቃሽን ያዢና ሂጂ» አለ። «ይኸን አፍሽን ያኔ የት ትተሽው ነበር?»

እውነቱን ነው። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ እውነቱን መሆኑ ነው። አንድ ቃል ነበር። በሰዓቱ ያልተነገረ አንድ ቃል። ዛሬ ብጮህ ማንን አዳንኩ?

ወደ እማማ ቤት ስሄድ አንዷ ሞታ ጠበቀችኝ። ሦስት።

የካቲት 6

ሁለቱም በአንድ ቀን። የቀረው ሰማያዊው ብቻ ነው። ያመጣው እሱ! ይበላል። ውሃ ልቀይር እጄን ሳስገባ እንደ ቡችላ ይከተለኛል።

ልጠላው ሞከርኩ። ዓሣ ምን ያውቃል?

የካቲት 15

ጋሼ ጠዋት አይቆጥሩም። ባዶውን ገንዳ ያዩታል። ውሃው ይንቀሳቀሳል፣ መብራቱ ይበራል፣ ድንጋዩ አለ… ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቁጥር ግን አይወጣም። አልጋውን እናዙረው፣ ትንሹን ይዩት አልኩ። እማማ ጠየቋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እምቢ።

«ሾፌር ነው» አሉ እማማ። «መንገድ ከጀመረ አይመለስም።» ይኸን ሲሉ ትንሽ ሳቁ። ወዲያው ፊታቸው ተመለሰ። ከእኔ ጋር እየሳቁ መሆኑን ያስታወሱ ይመስለኛል።

የካቲት 28

የመዳቡን ሕክምና ጨረስኩ። ሰማያዊው ንጹሕ ነው። ለማን ልንገር?

መጋቢት 2

ጋሼ ሳንባቸው ታሟል። ሐኪሙ መጥቶ አያቸው። ከበር ውጪ ነው ለእማማ የነገራቸው። ባልዲ ይዤ ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማሁ።

መጋቢት 9

ጋሼ ሞቱ።

መጋቢት 12

ሄድኩ። ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ። ሰው ሞልቷል። ጥግ ቆምኩ። ጎረቤቶቹ «የዓሣዋ ልጅ ናት፣ በየቀኑ ትመጣ የነበረችው፣ እግዜር ይስጣት» ይላሉ። መሬት ብትውጠኝ!

ሰው ሲሳሳ እማማ ጠሩኝ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ድምፃቸው ደርቋል።

«ዓሣ ሰው አይገድልም። እሱን እዳ ራስሽ ላይ አትጫኚ። ሐኪሙ ከዓመት በፊት የነገረኝ ነገር ነው።»

ማልቀስ ጀመርኩ።

«ግን» አሉ፣ «መጨረሻ ያየው ነገር ባዶ ውሃ ነው። ይኸን ደግሞ እሸከምልሻለሁ ብል አልችልም። የራስሽ ነው።»

መጋቢት 25

መድኃኒት መደብር ውስጥ ዕቃ መደርደር ጀመርኩ። ሰው ምንም አይጠይቀኝም። ጥሩ ነው።

በሳምንት ሁለቴ እማማ ቤት። ውሃ እቀይራለሁ፣ ጨው እለካለሁ። እሳቸው ይሰፋሉ።  አንዴ ብቻ መለኪያው እንዴት እንደሚያዝ አሳዪኝ አሉ። አሳየኋቸው። አንዴ አይተው ያዙት።

ሚያዝያ 12

ሰባ ስድስት ቀን ሞላ።

አልጋው የለም። የነበረበት ቦታ ወለሉ ነጣ ብሏል። የስፌት መኪናውን ወደዚያ ገፍተውታል፤ ፊታቸው ወደ ገንዳው።

«ውሃው ነጽቷል። አሁን መግባት ይችላል» አልኩ። ከዚያ ለቀናት በልቤ ስለማመደው የቆየሁትን ንግግር ተናገርኩ። «ካልፈለጉት እኔ እወስደዋለሁ። ያን ሁሉ ያመጣው እሱ ነው። ማየት ቢያስጠላዎት አይፈረድብዎትም።»

መርፌውን ከክሩ አላቀቁ። ደረታቸው ላይ ሰኩት።

«አስገቢው። እሱ ምን አጠፋ? ጠይቄው አልዋሸኝም።»

በትንሽ ዕቃ ቀድቼ አስገባሁት። ለአፍታ ባለበት ቆመ… ለካ ከዚያች ጠባብ ገንዳ በኋላ ስፋቱ አስፈርቶት ነው። ከዚያ ድንጋዩ ሥር ገብቶ ጠፋ። ሁለታችንም ጠበቅን። አልወጣም።

«ከእንግዲህ የሚለካ ነገር አለ?»

«ጨዉን በሳምንት አንዴ። እሱን አሁን ያውቁታል።»

«እንግዲያው ደህና ሁኚ።»

ልጄ አላሉም። እውነቱን ከነገርኳቸው ቀን ወዲህ ብለውኝ አያውቁም፤ ዛሬ ግን… ምን ጠብቄ ነበር?

በሩን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ። አራቱን ፎቅ ወርጄ ደጅ ስደርስ ነው ባልዲያቸውን እንደያዝኩ ያየሁት። ልመልሰው ዞርኩ። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆምኩ። ላንኳኳና ምን ልበል?

ባልዲውን መግቢያው ጋ፣ ከግድግዳው አስጠግቼ አስቀመጥኩት። ጎረቤት አይቶ ያደርስላቸዋል።