ለማልታ ሰዎች የሰጠሁት መልስ

እሁድ

ሄዱ። ጥሩ የሆነ መስሎኝ ነበር።

የማቴው ወላጆች፣ አቶ ሳልቩና ባለቤታቸው፣ ልጄን ሊዲያን ለልጃቸው ሊጠይቁ ከማልታ ድረስ መጡ። ማልታ ባሕር መሃል ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ሽማግሌ ስለሌላቸው ጋሽ በየነን አዋስናቸው። ጋሽ በየነ እንደ ወጉ ቆመው ጠየቁ። እኔም ወጉን ጠበቅኩ፤ በእንግሊዝኛ፣ ዛሬ አይሆንም፣ ሌላ ቀን ተመለሱ አልኩ። አቶ ሳልቩ ቀስ ብለው ተነሱ፣ እጄን ጨበጡ። ያመጡትን ቀለበት የሚመስል የማር ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

ሰኞ

ሊዲያ ስልኬን አታነሳም። እኛ አውሮራ ነን፣ እሷ ሌክውድ ነው የምትኖረው። ከሰዓት ለእናቷ ቴክስት አደረገች፤ አባዬ እምቢ ብሏቸዋል፣ ትኬታቸውን ወደ ሐሙስ ቀይረዋል ብላ።

እኔ እምቢ አላልኩም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን የሰለቸ ነው የሚመስለው። ይሄን ማን ነገራቸው? እኔ ሊዲያ ትነግራቸዋለች ብዬ። ለካ ሊዲያም ወጉን አታውቀውም። ጋሽ በየነ ጋ ደወልኩ። «ይሄ ደግሞ ይነገራል እንዴ? ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር» አሉኝ።

ባለቤቴ አልማዝ ራት ሳታቀርብልኝ ተኛች።

ማክሰኞ

የምሠራበት ፓርኪንግ ቀዝቃዛ ነበር። መኪና በሌለበት ሰዓት ስለ ማልታ ሳነብ ዋልኩ። ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ። ያገኘሁት፦

– ቋንቋቸው የዓረብኛ ዘመድ ነው፣ የሚጽፉት ግን በላቲን ፊደል።
– ክርስቲያኖች ናቸው፣ ግን እግዚአብሔርን አላ ይሉታል። ጋሽ በየነ እንዳይሰሙ።
– አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያናቸው ሁለት ሰዓት አለው። አንዱ ሆን ተብሎ የተሳሳተ ነው፣ ሰይጣን ግራ እንዲገባው።
– ሁለት ሰው በጊታር እየታጀበ በግጥም የሚናቆርበት ዘፈን አላቸው። እዚያው የሚፈጠር ግጥም፣ እንደኛ አዝማሪ።

የሚያስጨንቀኝ፦

– ልጃችንን ናቀብን ብለው እንዳይሆን።
– ሊዲያ ያለ እኔ ብታገባስ።
– ነገ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረኝ።

ረቡዕ

ዳውንታውን ያለው ሆቴላቸው ሄድኩ። የሴት አባት ወደ ወንድ ወገን አይሄድም። ጋሽ በየነ «ክብርህን ዳውንታውን ጥለኸው ልትመጣ ነው» አሉኝ። ይጣል አልኩ።

ሻንጣቸው በሩ ጋ ቆሟል። ሲጨንቀኝ እንግሊዝኛው ይጠፋብኛል፤ ካርቱም የለመድኩትን ዓረብኛ ቀላቀልኩበት፣ ግማሹን ያዙልኝ። «እኛ ጋ አባት መጀመሪያ እሺ አይልም። ልጁን ማቅለል ነው። እምቢ ማለቴ አልነበረም» አልኳቸው።

አቶ ሳልቩ የሳቸውን አገር የድሮ ወግ ነገሩኝ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት መስኮቱ ላይ በሶብላ በሸክላ ያስቀምጣል። አማላጅ እሱን አይቶ ነው በር የሚያንኳኳው።

«እናንተ መስኮት ላይ ምንም አላየሁም» አሉኝ።

ይቀልዱ ይውቀሱኝ አላወቅኩም። ፊታቸው አይፈታም።

ሐሙስ

ማቴው ደወለ። አልተሳፈሩም። ቅዳሜ እንመጣለን አሉ።

በሶብላ ፍለጋ አውሮራን ዞርኩ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ ተገኘ። አልማዝ ሳሎን መስኮት ላይ ሳስቀምጠው አይታ፣ ለወጥ ነው ወይ አለችኝ። ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ውሃ አጠጣችው።

ቅዳሜ

መጡ። አቶ ሳልቩ መኪና ፓርክ አድርገው ሲወርዱ ቀና ብለው መስኮቱን አዩ። ባርኔጣቸውን አነሱ።

ጋሽ በየነ እንደገና ጠየቁ። እሺ አልኩ። አልማዝ እልል አለች። ሊዲያ ከመኝታ ቤት ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ «ሶሪ አባዬ፣ አልገባኝም ነበር» አለችኝ።

ምሳ በላን። ከዚያ የማቴው እናት ስልካቸው ላይ ፎቶ አሳዩኝ። ቢጫ ድንጋይ ቤት፣ አረንጓዴ በረንዳ፣ ከጀርባው ባሕር። ማልታ ላይ ለልጆቹ ያዘጋጁት ነው። ሊዲያን አየኋት። ታውቃለች። ቤቱ ያምራል አልኩ።

«ሌላ ቀን ተመለሱ» የሚባለው ለእንግዳው ይመስለኝ ነበር። ለካ ለአባት ነው፣ መለየቱን እስኪለምደው። እኔ ደግሞ ሳምንቱን እነሱን ስመልስ ጨረስኩት።

ልጆቹ መቼ እንደሚሄዱ አልጠየቅኩም።