ቤታችንን ያነሳንበት ዓመት

ለውድ ወንድሜ ለአንዳርጌ፣

ጤናህን እንዴት ነህ? የጁባ ሙቀትስ ተስማማህ? ያ ክፉ ወባ ፈጽሞ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ይመላለስብሃል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን፤ የጎደልከን አንተ ብቻ ነህ።

ይህን በስልክ ልነግርህ እጀምርና ድምፅህን ስሰማ አፌ ይያዛል። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

እንደምታውቀው ለማስተርስ የምማረው ኢንጂነሪንግ ጂኦሎጂ ነው፤ መሬቱ ቤትና መንገድ መሸከም መቻሉን እንመረምራለን። ለመመረቂያ ጥናቴ የራሳችንን ተዳፋት መረጥኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ የመረጥኩት ናፍቆት አሸንፎኝ ነው፤ በዚያው በጋውን ከእናታችን ጋር ላሳልፍ ብዬ።

ከጓሯችን የወሰድኩትን ዋልካ ባሕር ዳር ቤተ ሙከራ ውስጥ ውሃ ሳርከፈክፍበት፣ የሰኔ ዝናብ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አንተ ሞፈሩን ተሸክመህ ከፊት፣ እኔ የዘሩን ቁና ይዤ ከኋላ፣ ጭቃው እግራችን ላይ እየከበደ ስንሳሳቅ ታየኝ። ልቤን የሰበረውም ያው አፈር ነው። ውሃ ሲጠግብ ጉልበቱ ይከዳዋል። ከቤታችን በላይ ደግሞ መሬቱ ተሰንጥቆ አይቼ ነበርና፣ ክረምቱን እንደማይሻገር ገባኝ።

ለአባባ ስነግራቸው ተቆጡ። «ያስተማርንሽ ከአባቴ ርስት እንድትነቅዪኝ ነው?» አሉኝ፤ ከዚያም አኮረፉኝ። አንድ ጠዋት እናታችን በሩ አልዘጋ ብሏት ስትታገል ቆየችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ አምና ያስጠረብከው በር ዘንድሮም ጠመመ። ቤቱ እየሄደ ነው» አለቻቸው። አባባ መቃኑን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ታዲያ የት ልግባ?» አሉኝ። አንዳርጌ፣ ያን ድምፃቸውን አለመስማትህ ይሻላል።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ አፈሩ ስስ ሆኖ ዓለቱ ቅርብ የሆነበትን ሜዳ አሳየኋቸው። ጎረቤቱ በደቦ ወጥቶ ቤቱን ነቀለልን፤ ቆርቆሮውንም ምሰሶውንም ተሸክሞ አሻገረልን። አባባ የምሰሶውን ጉድጓድ ሲቆፍሩ ድንጋዩ እምቢ እያላቸው፣ «ይች ልጅ፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል!» እያሉ ያጉረመርማሉ። እኔ ግን ዶማው ድንጋይ ሲመታ በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ከፍልሰታ ቅዳሴ ስንመለስ ተዳፋቱ አጓርቶ ሄደ። ሰው አልተጎዳም። አውድማው፣ የገብሱ ማሳ፣ አንተ የተከልከው ጌሾ፣ አብረን የተኛንበት መደብ የነበረበት ቦታ፣ ሁሉም ወንዝ ገብቷል። መምህሬ ስደውልላቸው፣ «ግምትሽ ልክ ነበር፤ እንኳን ደስ አለሽ» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ዳገቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አባባ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልፈለግኩም። «አልቅሺ ልጄ፤ እናትሽን ሙሽራ አድርጌ ያስገባኋት እዚያ ነው» አሉኝ።

እናታችን ሁለቱን ጉንጮችህን እየሳመች ጾም ጸሎቷ ሁሉ ላንተ ነው ትልሃለች። ታናሻችን ትሁን ስምንተኛ ክፍል ገባች፤ መልክህን እንዳልረሳ ፎቶ ላክልኝ ትላለች። አጎታችን ካሳም ከነቤተሰቡ ሰላም ብሎሃል። አባባ ደግሞ ይህን ጻፊልኝ አሉኝ፦ «ስትመጣ በድሮው አቋራጭ እንዳትወርድ፣ መንገዱ የለም። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ና፤ እኔ ወጥቼ እቀበልሃለሁ።»

እህትህ ዝናሽ
ስማዳ፣ ወገዳ
ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.