ጣቴ ላይ የታሰረው ክር

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከረምሽ? ሥራው፣ ቤቱ፣ ሰዉ እንዴት ይዞሻል? ያ የሚያሰቃይሽ ጥርስስ ተሻለሽ ወይ? ከእናትሽ ጋር በስልክ ስታወሩ ሰምቼ ሳስብልሽ ነው የሰነበትኩት። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ያው እንደምታውቂያት ናት፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ምላሷ ግን አጥሮ አያውቅም። አሁን ወዲያኛው ክፍል ጋደም ብላለች። የአየር ማሽኗ ቀስ እያለ ሲተነፍስላት እዚህ ድረስ ይሰማኛል። መብራት እስካለ ድረስ ሐሳብ የለብንም።

ስልኩን እንካ አናግራት ስትለኝ እጄን አወናጭፌ እምቢ ማለቴን ሳትነግርሽ አትቀርም። ኩራት እንዳይመስልሽ፤ አፍሬ ነው። የምነግርሽ ነገር በስልክ የሚባል አይደለም።

ይህን ስጽፍልሽ ቀኝ እጄ ብቻ ነው ነፃ። ግራ እጄ ጣት ላይ ክር ታስሯል፤ የክሩ ሌላው ጫፍ አንቺ በሠራሽው ባትሪ ላይ ካለው መቆንጠጫ ጋር ተያይዟል። ሽማግሌው ለየለት እንዳትዪ፣ ታገሺኝ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ቴስተሬን ይዤ የባትሪውን ሰባቱንም ረድፍ ለካሁ። ስድስቱ አራት ነጥብ ዜሮ አምስት ቮልት ላይ በሰላም ተኝተዋል። አምስተኛው ግን አራት ነጥብ ሁለት ሰባት ደርሷል። ከአራት ነጥብ ሁለት በላይ የጠገበ ሕፃን ማጉረስ ነው ብለሽኝ ነበር። እሱ ቀድሞ ሲጠግብ መቆጣጠሪያው ቦርድ ቻርጁን በሁሉም ላይ ይዘጋል፤ ስድስቱ በጎደሎ ሆዳቸው ይቀራሉ። መብራት ደግሞ የሚሄደው አመሻሽ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት አምስተኛውን አጉድዬ ከወንድሞቹ ጋር እኩል ማድረግ፣ ከዚያም ሁሉንም አንድ ላይ መሙላት አለብኝ። አለዚያ የእናትሽ ማሽን መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ቀጥ ሲል ምን እንደሚመስል አንቺም እኔም አይተናል።

እንዳስተማርሽኝ የመኪና የፊት መብራት አምፖል አምስተኛው ረድፍ ላይ አስሬያለሁ። አቅሙ ስለማይሞላለት እንደ ልቡ አይበራም፤ ቀላ ብሎ ያንቀላፋል። መጋረጃውን ስለዘጋሁት ክፍሉ በሙሉ የማር ቀለም ይዟል። የድሮ ሬዲዮኖች ሆዳቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ብርሃን ነበራቸው። ትንሽ ሆነሽ ከጠረጴዛዬ ስር ገብተሽ በሬዲዮው ጀርባ ቀዳዳ ታዪው ነበር፤ ውስጡ ሰዎች ራት እየበሉ ነው ትዪኝ ነበር። እኔም አዎ፣ ዝም በዪ እንዳይሰሙሽ እልሽ ነበር። ዛሬ አምፖሉን ሳይ እነዚያ ሰዎች አሁንም ራታቸውን ያልጨረሱ መሰለኝ።

የክሩን ነገር ሳልነግርሽ ረሳሁት። አምፖሉን አስረህ ጥለህ እንዳትሄድ፣ ከረሳኸው ረድፉ ተንጠፍጥፎ ይሞታል ብለሽ ስንት ጊዜ አስጠንቅቀሽኛል። እኔ ደግሞ ሰሞኑን ሐሳቤ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ስለዚህ ብልሃት ፈጠርኩ፦ ከወንበሬ ከተነሳሁ ክሩ ይስባል፣ መቆንጠጫው ይለቃል፣ አምፖሉ ይጠፋል። ይህን የፈጠርኩት ዛሬ ነው። የሚገርመው ክሩን መሳቢያ ውስጥ ቀለበት ተሠርቶለት፣ ልክ በጣቴ ልክ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ለሌላ ነገር ሠርቼው ይሆናል።

ቴስተሩ አራት ነጥብ ሁለት ሁለት ይላል። ይወርዳል፣ አይቸኩልም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ባትሪው ተዘጋ። አምስት ሰዓት ያቆያታል ብለሽን ነበር። የእናትሽ ከንፈር ሲጠቁር አንቺ እጇን ይዘሽ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን መኪና ይዛ ባትደርስልን ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ብቻዬን ሆኜ ነበር። እኔም ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ በለቃቀምሽው ቆሻሻ እናትሽን ልትገያት ነበር አልኩሽ። ሰባ ሴል፣ ሰባ ትንንሽ ባትሪ፣ አንድ በአንድ ለክተሽ፣ ደካማውን ጥለሽ፣ እኩያን ከእኩያው አጣምረሽ ሁለት ወር እንደደከምሽበት አይቼ ነበር እኮ። አይቼ ነው እንደዚያ ያልኩሽ። በሳምንቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ።

ዛሬ አምስተኛው ለምን ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ይጠግባል ብዬ ሽፋኑን ገለጥኩት። አስር ሴል ሊኖረው ሲገባ ዘጠኝ ነው ያለው። በአስረኛው ቦታ እንጨት ተሰክቷል። ልክ ሴል አክሎ የተጠረበ፣ በአሸዋ ወረቀት የለሰለሰ እንጨት። ሴሎቹን የምታያይዘው ስስ ብረት ከላዩ በመቀስ ተቆርጣ ታጥፋለች። መጀመሪያ ደሜ ፈላ፤ ሴል ሲያልቅባት እንጨት ሰክታ ሸወደችን አልኩ። ከዚያ አገላብጬ አየሁት። ጫፉ ላይ የመጥረጊያችን እጀታ አረንጓዴ ቀለም አለ። የቢላዋው ፈለግ ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብላል። ልጄ፣ በዚህ ቤት እንዲህ የሚጠርብ ሰው አንድ ነው፤ ለሬዲዮ ማዞሪያ ሲጠርብ ስታዪው ነው ያደግሽው።

የእጅ ባትሪዬን ከፈትኩ። ከረድፉ የጎደለችው ሐምራዊ ሴል እዚያ ውስጥ ተኝታለች። የእጅ ባትሪውን ሳላጠፋው መሳቢያ ውስጥ ስለከረመ ስለካት ቴስተሩ ዜሮ አለኝ፤ እንዲህ የሞተች ወደ ቦታዋ አትመለስም። መቼ አወጣኋት? ከአስር አንድ ብትጎድል ምን ይመጣል ብዬ ይሆን? ጭንቅላቴን ብፈትሽ ምንም የለም፣ ባዶ መደርደሪያ ነው። እጄ ግን ያውቀዋል። ዘጠኙ የአስሩን ሥራ ሲሸከሙ ቀድመው ይሞላሉ፣ ቀድመውም ያልቃሉ፤ ሲውሉ ሲያድሩም እየደከሙ ጊዜያቸው ያጥራል። እናትሽን ያፈናት ያንቺ ሥራ አልነበረም። እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ ልጄ። ይህን ስጽፍ ዓይኔ እንባ ሞልቶ መስመሩ ተጣሞብኛል፣ እንዳትታዘቢኝ።

አራት ነጥብ አንድ አራት።

ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ልጽፍ ብድግ ልል ስል ክሩ ያዘኝ። ቁጭ ብዬ ሳይ ግድግዳው ላይ ቁጥር ሞልቷል፦ አራት ነጥብ ሁለት ሰባት፣ አራት ነጥብ ሁለት ሁለት፣ አራት ነጥብ አንድ አራት፤ ከዚያም እንደገና ከላይ ይጀምራል፣ እስከ መስኮቱ ድረስ። የእጅ ጽሑፉ የኔን ይመስላል። በዚህ የማር ብርሃን ውስጥ ሳየው አልከፋኝም። አንድ የማውቀው ሰው ቀድሞኝ እዚህ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የቆየ መሰለኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የሐምራዊዋን እኩያ አንዲት ሴል ይዘሽ ብቅ በዪልን። ባትሪውን እኔ እጠብቀዋለሁ፤ እኔን የሚጠብቅ ነው የጠፋው። ይህን ለእናትሽ አልነገርኳትም፣ እንዳትጨነቅ።

አሁን ነቅታ መጣች። ቱቦዋ እስከ በሩ ያደርሳታል፤ እዚያ ቆማ ክሩንም እኔንም አየችን። ለማን ነው የምትጽፈው አለችኝ። ነገርኳት፤ እንጨቱንም አሳየኋት። ምንም አልደነገጠችም። ልጅህ እኮ ይቅር ካለችህ ቆየች አለችኝ። ገና ሳልጽፍላት፣ ገና ሳልጠይቃት እንዴት ብላ ይቅር ትለኛለች አልኳት። ፀጉሬን ዳበሰችኝና ከቀሚሷ ኪስ ፖስታ አወጣች። ያንቺ አድራሻ በእሷ እጅ ጽሑፍ ተጽፎ አልቋል። ሌሎችም ፖስታዎች ኪሷ ውስጥ ያየሁ መሰለኝ፤ አልጠየቅኳትም።

ቴስተሩ አራት ነጥብ ዜሮ ሁለት ይላል። ሲለቀቅ ትንሽ ከፍ ስለሚል ከወንድሞቹ ጋር እኩል ይሆናል። ገና ፀሐይ አለ፤ እስኪመሽ ሁሉንም እሞላቸዋለሁ፣ እናትሽም ዛሬ በሰላም ትተነፍሳለች። ፖስታውን ልቀበላት ልነሳ ነው፤ አምፖሉም ይጠፋል።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። ያን ሁሉ ሴል ያጣመረ እጅሽን ይባርክልሽ፤ ክፉ ቃሌን ከልብሽ ያውጣልሽ።

እስከማይሽ የሚናፍቅሽ
አባትሽ

ልዘጋው ስል ትዝ አለኝ፤ እናትሽ ጥርስሽን እንዳመመሽ ስትናገር ሰምቼ ነበር። ተሻለሽ ወይ?