ጤነኛ ሞተር እያሳመሙ ያስተማሩት የመምህርት ሰርካለም አስናቀው የሕይወት ታሪክ

መምህርት ሰርካለም አስናቀው ከአባታቸው ከአቶ አስናቀው ውበቴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባንቺዓለም ገብረ ክርስቶስ በጥር ወር 1964 ዓ.ም. በቢቸና ከተማ ተወለዱ። አቶ አስናቀው ወፍጮ ቤት ነበራቸው፤ አገር የሚያውቃቸው ግን በክርክር ነው። አንድ ጋት ድንበር ለማስመለስ ጫማቸው እስኪያልቅ ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። ልጃቸው ከእርሳቸው የወረሱት ወፍጮውን አልነበረም።

መምህርት ሰርካለም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በቢቸና ተምረው በ1984 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር አቀኑ። ዘመድ አዝማድ ኤሌክትሪክ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል እያለ ቢያጉረመርምም በዚያው ሙያ በዲፕሎማ ተመርቀው በ1987 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ በሚገኝ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ተመደቡ። በ1990 ዓ.ም. ከአቶ ሰማው አዳሙ ጋር በቁርባን ተጋብተው ጥሩአየሁንና አመተ ሥላሴን ወልደዋል።

በማሠልጠኛው የነበረው የውኃ መሳቢያ ሞተር አዲስና ጤነኛ ነበር። ጤነኛ ሞተር ደግሞ ስለ ብልሽት አያስተምርም። ስለዚህ መምህርቷ አንዲት ሣጥን ሠሩ። ሞተሩን የሚያዝዘው መቆጣጠሪያ የውኃውን ከፍታ የሚያውቀው ውኃው ውስጥ ያለው መለኪያ፣ ሴንሰሩ፣ በሚልክለት ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት፣ በሲግናል ነው። ሣጥኗ በሴንሰሩ ቦታ ገብታ ያን ሲግናል በቀስታ ከፍ ዝቅ እያደረገች ሐሰት ትነግረዋለች። መቆጣጠሪያው የነገሩትን ያምናል፤ ሞተሩም ይነሣል፣ ይቆማል፣ ያቃስታል። ተማሪዎች ሕመሙ የሞተሩ ይሁን የወሬ አቀባዩ ለይተው እንዲያገኙ ይታዘዙ ነበር። ባልደረቦቻቸው ጤነኛ የምታሳምም እያሉ ቢቀልዱባቸው ስሙን ወደዱት።

በ1998 ዓ.ም. በጋ ሞጣ አጠገብ ላለ መንደር ውኃ የሚስበው ፓምፕ ሞተሩ ተቃጠለ። ስሙን እዚህ የማንጠራው ጽሕፈት ቤት ጥፋቱን በፓምፑ ሠራተኛ በአቶ ሙሂዲን ሙሐመድሁሴን ላይ ጣለ፤ በቸልተኝነት እያበራ እያጠፋ ፈጀው ተባለ። አቶ ሙሂዲን ከሥራ ታግደው ክስ ተዘጋጀባቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዑሙሰልማ ጄሪካን ይዘው ወደ ምንጭ ሲወርዱ ሴቶቹ ጀርባቸውን ይሰጧቸው ነበር።

መምህርት ሰርካለም የጠረጠሩት በፓምፑ ላይ በቅርቡ የተገጠመውን አዲስ ሴንሰር ነበር። ሴንሰሩን መርምረው የተረከቡት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች ራሳቸው ነበሩና እጅሽን አታስገቢ አሏቸው። አስገቡ። ተተኪውን ሞተር እንዲያገናኙ በተጠሩ ዕለት፣ ውኃ የጠማው ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ፣ ሴንሰሩን ፈትተው ውኃ በሞላ በርሜል ውስጥ ነከሩት። ውኃው ረግቶ ሳለ ከሴንሰሩ ጋር ያገናኙት የመለኪያ መርፌ ግን ይወጣ ይወርድ ነበር። ቀጥለውም ያንኑ መዋዠቅ በሣጥናቸው አስመስለው ለመቆጣጠሪያው ላኩለት። አቶ ሙሂዲን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ቆሙ ሞተሩ ተነሣ፣ ቆመ፣ ደግሞ ተነሣ። ሞተሩ ሳይጎዳም አቆሙት።

ከሕዝቡ መካከል አንድ አዛውንት፣ «ታዲያ ይኸ ሰው ምን አጠፋ?» ብለው ጠየቁ።

ክሱ ቀረ፤ አቶ ሙሂዲን ወደ ሥራቸው ተመለሱ። መምህርት ሰርካለም ግን መሥሪያ ቤትን በሕዝብ ፊት አዋርደዋል ተብለው በስብሰባ ቆመው ይቅርታ እንዲጠይቁ ታዘዙ። አልጠየቁም። የክፍል ኃላፊነታቸውን ተነጠቁ፣ ወደ ቢቸና ተዛወሩ፣ የትምህርት ዕድል በመጣ ቁጥር ታለፉ። ባለቤታቸው ተጨንቀው፣ «አንዲት ቃል ብለሽ ብትገላገይሳ?» ቢሏቸው፣ «የቱን ጥፋቴን ብዬ? ሙሂዲን አለመታሰሩን?» አሏቸው። አቶ ሰማው ዳግመኛ አላነሡባቸውም። በቢቸናም ከጉንደ ወይንና ከአምበር ድረስ የመጡ ልጆችን በሣጥናቸው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። እኛ ቤተሰቦቻቸው አንዳንዴ በግትርነታቸው ተማርረናል፤ ኮርተንባቸው አናውቅም ብንል ግን ውሸት ነው።

በ2009 ዓ.ም. የጡት ካንሰር ያዛቸው። በጽኑ ሕመም ተብሎ እንዲሸፋፈን አልፈለጉም፤ በስሙ ጻፉት ስላሉ በስሙ ጽፈነዋል። በተኙበትም ከቀድሞ ኃላፊዎች አንዱ ሽማግሌ ልከው፣ ይቅርታ ቢጠይቁ የቀረባቸው ማዕረግ እንዲሰጣቸው እንደሚያግዙ አስታወቁ። መምህርቷ ሽማግሌዎቹን ምሳ አብልተው፣ ስለ ድካማቸው አመስግነው፣ ያለ ምላሽ ሸኟቸው።

መምህርት ሰርካለም ግንቦት 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በአርባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። እናታቸው ወይዘሮ ባንቺዓለም፣ ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው። አቶ ሙሂዲንና ወይዘሮ ዑሙሰልማም ከሞጣ መጥተው ከእኛ ጋር ሐዘን ተቀምጠዋል።

በአገራችን ወግ ቤተሰብ በመቃብር አፋፍ ቆሞ ስለ ሟች ይቅርታ ይለምናል። በቁጣቸው ያስቀየሟችሁ፣ በክርክር ያደከሟችሁ፣ ፈተና ያከበዱባችሁ ሁሉ ይቅር በሏቸው፤ አጥብቀን እንለምናችኋለን። ስለዚያች የሞጣ ቀን ግን እርሳቸው ይቅርታ አልጠየቁም፤ እኛም አንጠይቅላቸውም። በዚያች ቀን ከበላያቸው ሆኖ የተመለከተ አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ዘንድ ያሳርፍልን። አሜን።