ከባላጋራዬ ክንድ የተቀዳ

ሰኞ

ደም የለም አሉኝ። ደሙስ አለ፤ ለእኔ የሚሆን ነው የሌለው። ልጄ ደስታ ትጽፋለች፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያልኩትን ሳታሳምር ትጻፍ።

አጥንቴ ደም መሥራት ካቆመ ቆይቷል። በየወሩ እዚህ ሆስፒታል ይሰጡኛል፣ ጥቂት ቀን ሰው እሆናለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ደረጃ መውጣት ያቅተኛል። ባለፈው ግን ከረጢቱ ሳይጋመስ እንደ ወባ አንቀጠቀጠኝ፤ ነቀሉት። ላቦራቶሪ የምትሠራው ልጅ አስረዳችኝ። የብዙ ሰው ደም ስለወሰድኩ ሰውነቴ ባዕዱን እየለየ መዋጋት ተምሯል። የደም ዓይነቱ አንድ መሆኑ አይበቃም፤ የእያንዳንዱን ሰው ጠብታ ከእኔ ጋር ደባልቃ ካልተጣላ ብቻ ነው የሚሰጠኝ። ሸጋ። ስጣላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ደሜ ሌላ ከማን ይማር።

በቅርብ ያሉትን ልጆቼን ደም ሞክራ ጥላዋለች። ሌላ የሥጋ ዘመድ አምጡ አለች።

ማክሰኞ

ወደ አገሬ ወደ ድብ ባሕር ደወልን። ወንድሞቼን ነገ ጠዋት ከነልጆቻችሁ ኑ አልኳቸው። አልለመንኩም፤ ኑ ነው ያልኩት።

ሐኪሙ ደስታን ወደ ጥግ ወስዶ፣ እስከ እሑድ ካልተገኘ ልቡ አይችልም አላት። ጆሮዬ ገና አልደከመም።

በዚህ ላይ የመጪው ሳምንት ቀጠሮ አለብኝ፣ ከቢተው ጋር። ቢተው ድንበሬን የገፋ ጎረቤቴ ነው። ፍርድ ቤት ስንመላለስ ሁለት ዳኛ ተቀይሯል። ያን ቀን ሳልቆም ብቀር ፈራ ይላል።

ረቡዕ

ሚኒባስ ሙሉ ሆነው መጡ። የላቦራቶሪዋ ልጅ ሁለቱን ወንድሞቼን ዕድሜያችሁ አልፏል ብላ መለሰቻቸው። ታናሼ ቄስ ነው፣ ተቆጣ። ሌሊቱን ቆሜ የምቀድስ ሰው ምኔ አረጀ አላት። ልጆቻቸውን ደግሞ ቁርስ በልታችኋል ወይ አለቻቸው። በረቡዕ ማን ይበላል? ባዶ ሆድ ከረጢት ሙሉ አልቀዳም፣ ለሙከራው ግን ትንሽ ይበቃል ብላ ክንዳቸውን አሰለፈች።

ከኋላቸው ቢተው ብቅ አለ። ጠበቃው ዘንድ ሲመጣ በዚያው መኪና ተሳፍሮ ኖሯል። "አያ አዛናው ቀጠሮ ለማስተላለፍ ነው የተኙት ሲሉ ሰምቼ፣ ላይዎት መጣሁ" አለኝ። አየኝ። ፊቱ ጠቆረ። እውነት ታመዋል አለ፣ እንደተሰረቀ ሰው። ውጣልኝ አልኩት።

ሲወጣ ልጅቱ ዘመድ መስሏት አንተም ትሞክራለህ አለችው። ክንዱን ዘረጋላት። ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።

ሐሙስ

ከወንድሞቼ ልጆች አንዱም አልሆነም። እስከ ሰባት ቤት የምቆጥረው ዘሬ ይኸው። አንድ ሰው ብቻ ገጥሟል አለች ልጅቱ፣ ደስ ብሏት። ቢተው የሚባለው የአክስትዎ ልጅ ነው ወይ አለችኝ። ደስታ ሳቀች። በአባቷ መሳቋም ይጻፍ።

አልፈልግም አልኩ። ደስታ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተቆጣች። በመሬቱ ሲጣሉ ኖሩ፣ አሁን ደግሞ በእልህ ይሙቱ አለችኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ዓርብ

ቢተው በጠዋት መጣ። ተቀመጥ አላልኩትም።

"ምነው እምቢ አሉ?"

ያንተን ውለታ ተሸክሜ አልሞትም አልኩት።

"ምን ውለታ አለው? እርስዎ ቢሞቱ ሙግቱ ለአምስት ልጆችዎ ይተላለፋል። አንዱ ሱዳን ነው፣ አንዷ የት እንዳለች እግዜር ይወቅ። ለሁሉም መጥሪያ ሳደርስ እኔም አረጃለሁ። በእግርዎ ቆመው ሳሉ ልረታዎት ነው የምፈልገው።"

"ቆሜ ነው የምረታህ" አልኩት።

"እንግዲያ ይቁሙ" ብሎኝ ወጣ።

ደስታ ተከትላው ሄዳ ነበር። ካንቲን ገብቶ እንጀራ በሽሮ አዞ በላ አለችኝ፣ እንዲቀዱት። በዓርብ፣ በጠዋቱ። ቢተው ጾም ሲገድፍ አይቼው አላውቅም። ይህን ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

የቀረው ምርመራ አልቆ የቢተውን ደም ሰቀሉልኝ። ልጅቱ አጠገቤ ቆማ ጠበቀች፤ ብርድ ብርድ ይልዎታል ወይ ትለኛለች። አይለኝም። ከረጢቱ ተጋመሰ፣ አይለኝም። ጥፍሬ ትንሽ ቀላ።

የሚመጣውስ ወር አልኳት። ከእሱ ሦስት ወር ሳይሞላ ደግመን አንቀዳም፣ የእናት የአባቱ ልጆች ካሉት ግን እነሱን እንሞክራለን አለች። አሉት። ሁለት ወንድሞች አሉት፣ ሁለቱም ችሎት ቆመው በእኔ ላይ መስክረዋል። አንዱን ሐሰተኛ ብዬ በዳኛው ፊት ሰድቤዋለሁ፤ አሁንም ሐሰተኛ ነው።

ደስታ ልደውልላቸው ወይ ትላለች። እኔ አልጠራቸውም አልኳት። አትደውዪም ግን አላልኳትም። ስልኩን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጥታለች፣ ተመልሳ ነው ይህን የምትጽፈው። ምን እንዳሏት አልጠየቅኋትም።