ሦስት ሆነን ወደ ደልጊ

ጥር 13 ቀን 1974፣ ባሕር ዳር
ትምህርት ቤት ከጥምቀት በኋላ ዛሬ ተከፈተ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ሐሳባቸው ግን ገና ታቦት ሸኝቶ አልተመለሰም። እኔም ብዙ አልጨቀጨቅኋቸውም።

ስወጣ አለበል በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ደነገጥሁ። ከእስር ከወጣን ወዲህ መንገድ ላይ ስንተያይ በዓይን ብቻ ነው የምንሰላለም። ሲፈቱን የእስር ቤቱ አዛዥ ምን አለን? «ሦስታችሁን አንድ ላይ ባየኋችሁ...» አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። ሦስታችን እኔ፣ ክሊኒክ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር አለበልና ጨርቅ ነጋዴው ኑርሑሴን። አብረን አደግን፣ አብረን ታሰርን።

«ላገባ ነው» አለኝ። «አገርነሽ ትባላለች። ደልጊ አስተማሪ ናት። አባቷ ከዐቢይ ጾም በፊት ሽማግሌ ላክ ብለውኛል።»
«እሰይ! ማንን ትልካለህ?»
«አንተንና ኑርሑሴንን» አለኝ። አባት የለው፣ አጎት የለው...
ወይ ጉድ።

ጥር 14
ለባለቤቴ ለየሻሽወርቅ ነገርኋት። ዱቄት እየነፋች ነበር፣ ወንፊቱን አስቀመጠችው።
«ደልጊ? ከሐይቁ ማዶ? ባለፈው ሳምንት እዚያ ተኩስ ነበር አልተባለም?»
ተብሏል። ሽፍታ ነው ይላሉ፣ ወንበዴ ነው ይላሉ።
«ተኩሱስ ይሁን። ሦስት ሆናችሁ ጀልባ ስትሳፈሩ የሚያያችሁ ሰው ምን ይላል? ያኔ እስር ቤት ስንቅ ያመላለስሁት እኔ ነኝ፣ ዓምደ ሚካኤል። ደግሜ አልችልም።»
እውነቷን ነው።

ጥር 15
ራሴን እንዳመመው ሰው ሆኜ ክሊኒክ ሄድሁ። አለበል ነጭ ጋውኑን ለብሶ... «አልችልም» አልሁት። የተቆጣ አልመሰለኝም። አስፕሪን ሰጠኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «አይዞህ» አለኝ።
እሱ እኔን!

ጥር 17
ስድስተኛ ክፍሎችን ያለ ጥፋታቸው ተቆጣሁ።

ጥር 18
ጨርቅ የምገዛ መስዬ ኑርሑሴን ሱቅ ገባሁ። አቡጀዲ እየለካ፣ ቀና ሳይል፣
«እኔ እሄዳለሁ» አለኝ።
«ሀቢባስ ምን አለች?» ስለ ሚስቱ ጠየቅሁት።
«አለቀሰች። ከዚያ ነጭ ኩታዬን አጥባ አሰጣችው።»
«ተኩሱስ?»
«የሠርግ ነው የሚሉም አሉ።» ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ጠፋ። «ብቻዬን ስቀርብ ግን አባትየው ምን ይሉኛል? ለልጁ ከአንድ እስላም በቀር የሚቆምለት የለም ወይ አይሉም?»
የማልፈልገውን ሁለት ክንድ አቡጀዲ ይዤ ወጣሁ።

ጥር 19
የሻሽወርቅ «አቡጀዲው ለምንድን ነው?» ስትለኝ ሁሉንም ነገርኋት። አለበል አይዞህ ያለኝን ጭምር።
«ያኔ ስንቁን ለሁለት ሰው ነበር የማደርገው። ታውቃለህ?»
አላውቅም ነበር።
«ለኑርሑሴን ሀቢባ ታመጣለች። ለአለበል የሚመጣ አልነበረም። አሁን ደግሞ ሰው የለውም ብለው ሲመልሱት ልይ?» ዓይኗን ጠረገች። «ሂድ። ቶሎ ተመለስ ብቻ።»

ጥር 20
የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ቀበሌ ሄድሁ። ሊቀ መንበሩ፣
«ለምን ጉዳይ?»
«ለሽምግልና።»
«አንተ? ጢም እንኳ የለህም እኮ!» ጸሐፊዋም ሳቀች። «ከማን ጋር?»
ስማቸውን ነገርሁት። እስክሪብቶው ቆመ።
«ሽምግልና ነው ያልኸው?»
«አዎ።»
«ከሽምግልና ሌላ ወሬ እንዳልሰማ።» ማኅተሙን መታው።
ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደገፍሁ።

ጥር 23፣ ቁንዝላ
ማደሪያችን እዚህ ነው። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፣ አለበል ግን ደልጊ ጤና ጣቢያ ሆኖ ይጠብቀናል።
ጠዋት ጀልባው ላይ ተራርቀን ተቀመጥን። እንደማንተዋወቅ። ዘጌን ስናልፍ ኑርሑሴን ተነሥቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አለበልም መጣ። ከዚያ ወሬው... አይ ወሬው! ስንት ዓመት የተጠራቀመ!
ከሰዓት በኋላ ከዳር ተኩስ ተሰማ። ነጂው ሞተሩን አጠፋ፣ ውኃው ላይ ቆምን። እኔ ውዳሴ ማርያም፣ ኑርሑሴን ዱዓ። አለበል ከአንዲት የምታለቅስ እናት ልጇን ተቀብሎ ያባብላል። ተኩሱ ራቀ፣ ቀጠልን።
እዚህ ስንወርድ አንድ ወታደር ወረቀታችንን አየ። «ሽማግሌዎቹ እናንተ ናችሁ?» ጥርሱ ታየ። «ይቅናችሁ።»

ጥር 25፣ ደልጊ
የአገርነሽ አባት መሪጌታ ገብረ መስቀል ረጅም ሰው ናቸው፣ ዓይናቸው አይላወስም። «ተቀመጡ» አሉን። የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም አልን፣ ወጉ ነው። ኑርሑሴን አንደበቱ የተፈታ ነው፤ የአለበልን ሥራ፣ ጠባዩን፣ ሁሉን ተናገረ።
አዳምጠው ሲያበቁ፣
«ታስሮ ነበር ይባላል። እውነት ነው?»
ኑርሑሴን ወደ እኔ ዞረ። ይህን አላሰብንበትም። እንዴት አላሰብንበትም?
«እውነት ነው» አልሁ። «እኛም አብረነው ነበርን።»
«ሁለታችሁም?»
«ሁለታችንም። ይህ ወንድሜ ታይፎይድ ይዞት ሊሞት ነበር። አለበል ብርድ ልብሱን አልብሶት ክረምቱን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ተኛ።»
ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ኑርሑሴን አቀርቅሮ ነበር።
«በዚህ መንገድ፣ በዚህ ጊዜ፣ እንዴት ደፈራችሁ?»
«አልደፈርንም አባቴ። እኔማ መጀመሪያ አልሄድም ብዬው ነበር።»
«እሺ?»
«መጣሁ።»
እጃቸውን ወደ መደቡ ዘረጉ፣
«እንግዲያማ ሰው አለው» አሉ። «ተቀመጡ።»
ጓዳ ውስጥ አገርነሽ ሳቀች... ወይስ አለቀሰች? መለየት አልቻልሁም።
አለበልን ጤና ጣቢያው ደጅ አገኘነው። ገና ከሩቅ ፊታችንን አይቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

የካቲት 6፣ ባሕር ዳር
ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ዛሬ ኑርሑሴንና ሀቢባ ቤታችን መጡ። በጠራራ ፀሐይ! የሻሽወርቅና ሀቢባ ከእስር ቤቱ በር ወዲህ አልተገናኙም ነበር። ተቃቅፈው ቀሩ። አለበልም ሙዝ ይዞ ደረሰ።
ለሠርጉ ሁለት በግ ይታረድ ተባለ። የእስላሙን ኑርሑሴን፣ የክርስቲያኑን እኔ።
«አንተ?» አለች የሻሽወርቅ። «ዶሮ ስታርድ እንኳ ዓይንህን ትጨፍን የለም?»
ሀቢባ ከሳቋ የተነሣ ስኒዋን ደፋችው። እኛም ተከተልናት። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሳቃችንን ሰምቶ መስኮቱ ሥር ቆም አለ፣ ጥላውን አየሁት።
ማን እንደሆነ ለማየት አልተነሣሁም።